ዳገት ላይ ግማሽ፣ ቁልቁለት ላይ ባዶ፦ የሽርሽር ሎኮሞቲቭ ውሃ፣ ኢንጀክተርና የጠዋት እሳት

ጠባብ ሐዲድ ጠየቀ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ታድሶ የሽርሽር ጉዞ የጀመረ የእንፋሎት ሎኮሞቲቭን በተመለከተ አራት ነገር ልጠይቃችሁ። መልሱ እንደ ማሽኑ ስለሚለያይ መጀመሪያ ዝርዝሩን ላስቀምጥ።

ውሃውን በጎንና ጎን ታንክ የሚይዝ ነው፤ ታንኮቹ በድምሩ 3,500 ሊትር ይይዛሉ። የሥራ ግፊቱ 12 ባር ነው። የውስጥ ምድጃው መዳብ፣ የውጭው ብረት። ሎኮሞቲቩ 24 ቶን ይመዝናል፤ የሚጎትተው አራት የመንገደኛ ፉርጎ ሲሆን እያንዳንዱ ከነተሳፋሪው 10 ቶን ነው። መስመሩ 16 ኪሎ ሜትር ነው፦ 6 ኪሎ ሜትር ሜዳ፣ ቀጥሎ 9 ኪሎ ሜትር በ2.8 በመቶ ዳገት፣ ከአናቱ በኋላ ደግሞ 1 ኪሎ ሜትር በዚያው መጠን ቁልቁል ወደ መጨረሻው ጣቢያ። ማዞሪያ ስለሌለ ሲሄድ ጭስ ማውጫው ከፊት ነው፣ ሲመለስ የኋሊት ይነዳል።

1. መነሻችን ጠዋት 4 ሰዓት ነው። እሳቱ መቼ ይለኮስ? ሦስት ሰዓት ይበቃል የሚሉ አሉ።

2. የግራው ኢንጀክተር (በእንፋሎት ኃይል የታንኩን ውሃ ወደ ቦይለር የሚያስገባው መሣሪያ) ጠዋት ደህና ነው። መጀመሪያው ጣቢያ ላይ ቆይተን ስንነሳ ግን ውሃና እንፋሎት ቀላቅሎ በትርፍ ውሃ ቧንቧው ይተፋል እንጂ ወደ ቦይለር አያስገባም። ቀኙ ምንም አይልም።

3. ዳገቱ ላይ የውሃው መስታወት (ቦይለሩ ውስጥ ያለውን የውሃ መጠን የሚያሳየው) ግማሽ ያሳያል። አናቱን አልፈን ቁልቁል ስንል ውሃው መስታወቱን ከሥር ወደያዘው ዳዶ ይወርዳል። የተለመደ ነው?

4. 3,500 ሊትር ለደርሶ መልስ ይበቃል?

ነጭ እንፋሎት መለሰ፦

ሦስተኛው ይቅደም፤ እሱ የሰው ሕይወት ነው። የተለመደ ነው ወይ ላልከው አዎ፣ የተለመደ ነው። በግማሽ አናቱን መሻገር ግን አይቻልም።

ዳገት ላይ ቦይለሩ ያዘነብላል፣ የውሃው ገጽ ግን አግድም እንደሆነ ይቀራል። መስታወቱ ያለው ከኋላ፣ ነጂው ክፍል ውስጥ ነው። በዚህ መጠን ባለ ሎኮሞቲቭ ከመስታወቱ እስከ ውሃው ገጽ መሃል ድረስ ያለውን ርቀት 2 ሜትር አድርገን እንያዝ፤ እናንተ የራሳችሁን ለኩ። በ2.8 በመቶ ዳገት የ2 ሜትር ልዩነት 5.6 ሴንቲ ሜትር ነው። ጭስ ማውጫው ወደ ላይ ሲያመለክት ውሃው ወደ ኋላ ስለሚሸሽ መስታወቱ ሜዳ ላይ ከሚያሳየው በ5.6 ሴንቲ ሜትር ያበልጣል። አናቱ ታልፎ ጭስ ማውጫው ቁልቁል ሲያመለክት በ5.6 ያሳንሳል። ከአንዱ ወደ ሌላው ስትሻገሩ 11 ሴንቲ ሜትር ተቀነሰ ማለት ነው። አናቱ ላይ ሬጉሌተር (ወደ ሲሊንደር የሚሄደውን እንፋሎት የሚቆጣጠረው ቫልቭ) ስለሚዘጋ ደግሞ ውሃውን ያበጠው የእንፋሎት አረፋ ይጠፋል፤ በዚህም ገጹ ሌላ 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይላል።

አሁን ከመስታወቱ ጋር አስተያዩት። የሚታየው ክፍል 20 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ዳገት ላይ ግማሽ ማለት 10 ሴንቲ ሜትር ነው። ከ10 ላይ 13 አይቀነስም። እስካሁን ዳዶው ጋ የቆመላችሁ ምናልባት ርቀቱ ከ2 ሜትር ስለሚያንስ ወይም እሳት አንዳጁ በዚያው ሰዓት ውሃ እያስገባ ስለሆነ ነው።

ቁልቁለቱ ላይ የምታዩት ዝቅታ የመስታወቱ ስህተት እንዳይመስላችሁ። ምድጃውም ከኋላ ስለሆነ ጣሪያው ላይ ያለው ውሃ በእርግጥ ሸሽቷል። በ12 ባር ውሃው 192 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ውሃ እስከሸፈነው ድረስ የምድጃው ጣሪያ ከዚያ ብዙ አይርቅም። ውሃው ሲለቀው ግን ከበታቹ ያለው እሳት በደቂቃዎች ውስጥ ያለሰልሰዋል፣ መዳብ ደግሞ ሲግል ጉልበቱን ቶሎ ያጣል። ጣሪያው ላይ የተገጠመው የእርሳስ መድፈኛ በ327 ዲግሪ ቀልጦ ያስጠነቅቃል፤ ሆኖም የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ነው እንጂ የውሃ መለኪያ አይደለም። ላዩን ድንጋያማ ዝቃጭ ከሸፈነው እርሳሱ ቀልጦ እንኳ ላይከፈት ይችላል።

ስለዚህ አሠራሩ ይህ ነው። ከዳገቱ ግርጌ ጀምሮ ኢንጀክተሩ በዝቅተኛ መጠን ያለማቋረጥ ይሥራ። ከአናቱ 2 ኪሎ ሜትር ሲቀር መስታወቱ ሦስት አራተኛ ይድረስ። አናቱ ላይ ከ20ው ሴንቲ ሜትር 17ቱ ይሞላ፣ ጫፉ ግን ይታይ። ከላይኛው ዳዶ በላይ ከጠፋ ውሃ ከእንፋሎቱ ጋር ወደ ሲሊንደር ሊሄድ ይችላል፤ ውሃ ስለማይታመቅ የሲሊንደሩን ክዳን ይሰብራል ወይም ዘንጉን ያጣምማል። ሬጉሌተሩ ከመዘጋቱ በፊት ሁለተኛው ኢንጀክተር ይከፈት። ይህን ሁሉ በአናቱ ዋዜማ በጥድፊያ ልሥራ ያለ እሳት አንዳጅ ግፊቱን ያጣል፤ ቀዝቃዛ ውሃ በብዛት የሚገባው ሞተሩ እንፋሎት በሚፈልግበት ሰዓት ይሆንበታላ።

በመልስ ጉዞው መጀመሪያ ያለው 1 ኪሎ ሜትርም ያው ነው። የኋሊት ስትወጡ ጭስ ማውጫው ዝቅ ያለው ወገን ላይ ነው። ከመጨረሻው ጣቢያ ስትነሱ መስታወቱ ከግማሽ በላይ ይሁን። ከዚያ በኋላ ያለው የ9 ኪሎ ሜትር ቁልቁለት ግን ውሃውን ምድጃው ላይ ያስተኛዋል፣ እሱ አያሰጋም። በተራራ መስመሮች ጭስ ማውጫውን ዘወትር ወደ ዳገቱ የሚያዞሩት ለዚሁ ነው። በዌልስ ያለው የስኖውደን የጥርስ ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1896 ሲከፈት ሎኮሞቲቮቹ ቦይለራቸው አዘንብሎ ነው የተሠሩት፤ ዳገቱ ላይ ሲሆኑ ቦይለሩ ወደ አግድም ይጠጋል።

መስታወቱን ለማመን መፈተን ያስፈልጋል። ማፍሰሻውን ክፈቱ። የላይኛውን (የእንፋሎቱን) ቫልቭ ዝጉ፤ ውሃ በኃይል መውጣት አለበት። የላይኛውን ከፍታችሁ የታችኛውን ዝጉ፤ እንፋሎት ብቻ ይውጣ። ሁለቱንም ከፍታችሁ ማፍሰሻውን ዝጉ። ውሃው በቅጽበት ዘሎ ወደ ቦታው መመለስ አለበት፤ እየተጎተተ ከወጣ መተላለፊያው በከፊል ተደፍኗል፣ ያ ሎኮሞቲቭ አይነሳም። ሁለቱ መስታወቶች ካልተስማሙም አይነሳም። በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ እ.ኤ.አ. በ1995 በጌቲስበርግ የሽርሽር ባቡር ላይ ውሃው ከምድጃው ጣሪያ በታች ወርዶ ጣሪያው ተቀደደ፣ ሦስት ሠራተኞችም ተቃጠሉ። ምርመራው ካነሳቸው ነገሮች አንዱ በዝቃጭ የተደፈነ የውሃ መለኪያ መተላለፊያ ነበር።

ኩሽኔታ መለሰ፦

ወደ ኢንጀክተሩ ልግባ። ጠዋት ሠርቶ ከቆይታ በኋላ የሚተፋ ከሆነ ኢንጀክተሩን ለመፍታት አትቸኩሉ፤ መጀመሪያ ሙቀት ጠርጥሩ። ኢንጀክተር የሚሠራው እንፋሎቱ ቀዝቃዛውን ውሃ ሲያገኝ ወዲያው ወደ ውሃነት ስለሚለወጥ ነው። በዚያ ጊዜ ፍጥነቱን ለውሃው ያስረክባል፤ ውሃውም በዚያ ፍጥነት ቼክ ቫልቩን (ውሃን ወደ ቦይለሩ ብቻ የሚያሳልፈውን) ገፍቶ ይገባል። የሚመጣው ውሃ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ብዙዎቹ መለገም ይጀምራሉ፤ እንፋሎቱ ሙሉ በሙሉ ስለማይለወጥ በትርፍ ውሃ ቧንቧው ይወጣል። እናንተ ያያችሁት ይህን ይመስላል።

ሙቀቱ ከሦስት ቦታ ሊመጣ ይችላል፦ የእንፋሎት ቫልቩ በደንብ አልዘጋ ብሎ፣ ቼክ ቫልቩ የቦይለሩን ውሃ ወደ ኋላ እያሳለፈ፣ ወይም የውሃው ቧንቧ ከአመድ ሳጥኑ አጠገብ ስለሚያልፍ። ለመለየት ሎኮሞቲቩ ቆሞ፣ ኢንጀክተሩ ተዘግቶ 15 ደቂቃ ይቆይ። ከዚያ በጨረር ቴርሞሜትር ሦስት ቦታ ለኩ፦ የእንፋሎቱን ቧንቧ ከቫልቩ በታች፣ የኢንጀክተሩን አካል፣ ወደ ቦይለር የሚወጣውን ቧንቧ ቼክ ቫልቩ ሥር። በጣም የሞቀው ጫፍ ጥፋተኛው ያለበት ነው። ቴርሞሜትር ከሌለ ትርፍ ውሃ ቧንቧውን ተመልከቱ፤ ተዘግቶ ሳለ የፈላ ውሃ ጠብ ጠብ የሚል ከሆነ ቼክ ቫልቭ ነው፣ ቀጭን እንፋሎት ብቻ የሚወጣ ከሆነ የእንፋሎት ቫልቭ ነው።

አከፋፈቱም ይታይ። መጀመሪያ ውሃው ይከፈታል፣ በትርፍ ቧንቧው ሲፈስ ይታያል፣ ቀጥሎ እንፋሎቱ እስከ መጨረሻ ይከፈታል፣ ከዚያ ትርፉ እስኪቆም ውሃው ይቀነሳል። ውሃ የሚያንጠባጥብ ከሆነ ውሃው ትንሽ ይቀነስ፤ እንፋሎት የሚያጨስ ከሆነ ውሃው ይጨመር። እንፋሎቱን በግማሽ ከፍቶ መተው የተለመደ ጥፋት ነው።

መንገድ ላይ ቢለግምባችሁ እንፋሎቱን ዘግታችሁ የታንኩን ውሃ ለግማሽ ደቂቃ በውስጡ አሳልፉ፣ አካሉ ላይም እርጥብ ጨርቅ ጣሉ። ሲቀዘቅዝ ያነሳል።

ሙቀት ካልሆነ በዚህ ቅደም ተከተል ፈትሹ፦ የታንኩ ወንፊት በከሰል ብናኝ መደፈኑን፣ የመምጠጫው ቧንቧ መጋጠሚያ አየር ማስገባቱን፣ በመጨረሻም የውስጥ ሾጣጣዎቹን። ሾጣጣዎቹን ዝቃጭ ከያዛቸው በቀጭን የሲትሪክ አሲድ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉና እጠቡ። ሽቦ ወይም መሰርሰሪያ አታስገቡባቸው፤ ጉሮሯቸው በጥቂቱ እንኳ ከሰፋ ኢንጀክተሩ ዳግም ውሃ አያስገባም።

ሌሊት ተረኛ መለሰ፦

ስለ እሳቱ። ሦስት ሰዓት የሚበቃው ቦይለሩ ካለፈው ቀን ሞቆ ካደረ ነው። ፍጹም ቀዝቃዛ ሆኖ፣ ያውም የመዳብ ምድጃ ይዞ፣ አይሆንም።

ምክንያቱ መለጠጥ ነው። 1.5 ሜትር የመዳብ ላሜራ ከ20 ወደ 190 ዲግሪ ሲሞቅ 4.3 ሚሊ ሜትር ይረዝማል፤ ያው ርዝመት ብረት 3 ሚሊ ሜትር። እኩል ቢሞቁ እንኳ አይመጣጠኑም፣ እውነታው ደግሞ እኩል አለመሞቃቸው ነው፤ ውስጡ እሳት ላይ ሆኖ የውጩ ገና ቀዝቃዛ ነው። ልዩነቱን የሚሸከሙት ሁለቱን ላሜራዎች የሚያያይዙት ደጋፊ ብሎኖች ናቸው፤ መጀመሪያ የሚሰበሩትም የላይኛው ረድፍና የማዕዘኖቹ ናቸው። ከምድጃው በታች ያለው ውሃም ስለማይዘዋወር ላዩ ሲፈላ ሥሩ በእጅ የሚዳሰስ ሆኖ ይቆያል። ብሎወሩን (ወደ ጭስ ማውጫው እየነፋ እሳቱን የሚያስበውን) በኮምፕሬሰር አየር እየነፉ በሁለት ሰዓት ግፊት ማምጣት ይቻላል፤ ዋጋው የቱቦ ጫፍ ማንጠባጠብና የተሰበረ ብሎን ነው፣ የሚታየውም ወራት ቆይቶ ነው።

ለጠዋት 4 ሰዓት መነሻ እንዲህ አድርጉ። ከዋዜማው ማታ ጥቂት እንጨት አንድዱና ውሃውን 70 ዲግሪ አካባቢ አድርሱት፤ የአየር በሩን ዘግታችሁ፣ ጭስ ማውጫውን ከድናችሁ አሳድሩት። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ዋናው እሳት ይለኮስ። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ 12 ባር ይሆናል፤ ቀሪው ሰዓት ለዘይትና ለፍተሻ ነው።

ከመለኮሱ በፊት ምድጃው ውስጥ በመብራት ይታይ፦ የእርሳስ መድፈኛው እርጥበት እንዳለው፣ ቱቦ የሚያለቅስ እንዳለ፣ የጡብ ቅስቱ ቦታው ላይ መሆኑ፣ ፍርግርጉ እንዳልወደቀ። የጭስ ሳጥኑ በር አየር እንዳያስገባ፤ እዚያ የሚገባ አየር የእሳቱን መሳብ ያጠፋዋል፣ የተጠራቀመውንም ብናኝ ያቃጥላል። ሬጉሌተር ይዘጋ፣ የአቅጣጫ ማንሻው መሃል ላይ ይሁን፣ የሲሊንደር ማፍሰሻዎች ይከፈቱ፣ የእጅ ፍሬን ይያዝ፣ ጎማው ሥር ሽብልቅ ይግባ።

ውሃው ቀዝቃዛ ሳለ ከመስታወቱ ሲሶ ይበቃዋል። ከ20 እስከ 190 ዲግሪ ሲሞቅ መጠኑ 14 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ቦይለሩ 2,000 ሊትር ቢይዝ 280 ሊትር ከየት መጣ ሳይባል ይጨመራል። የላይኛው አየር ማስወጫ እንፋሎት እስኪታይበት ክፍት ይሁን፣ አለዚያ ጌጁ የታፈነ አየር ግፊት ያሳያችኋል። ብሎወሩን ከ1.5 ባር በፊት አትንኩ። ኢንጀክተሮቹን ወደ 5 ባር ሲጠጋ ሞክሩ፤ ሁለቱም ሳይሠሩ ማንም ከጋራዥ አይወጣም። መጨረሻ ላይ ሴፍቲ ቫልቩ በልኩ ሲነፋ በዓይን ይታይ።

ጠባብ ሐዲድ ጻፈ፦

እጅግ አመሰግናለሁ። እንደተባለው ለካን፦ ቼክ ቫልቩ ሥር 115 ዲግሪ፣ ኢንጀክተሩ አካል ላይ 70፣ የእንፋሎቱ ቧንቧ ቀዝቃዛ ነው። በቼክ ቫልቩና በቦይለሩ መካከል መዝጊያ ቫልቭ አለ። ጣቢያ ላይ እሱን እየዘጋን ብንጓዝ እስከ ቀጣዩ እጥበት ያደርሰናል?

ኩሽኔታ መለሰ፦

ቼክ ቫልቩ ነው፣ ተገኘ። መዝጊያውን እየዘጉ መጓዝን ግን አልመክርም። ዘግቶ መርሳት አለ፤ የተረሳ ቀን ዳገት ላይ ኢንጀክተሩ በተዘጋ በር ላይ ይገፋል፣ በዚያ ሰዓት ቀኙም ቢታወክ ውሃ የማስገቢያ መንገድ የላችሁም። ሁለት ራሳቸውን የቻሉ የውሃ ማስገቢያዎች ካልሠሩ ዳገቱ አይጀመርም። አንዱ ሜዳው ላይ ከሞተ በሌላው ተመልሳችሁ ግቡ።

ጥገናው የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ቦይለሩ ቀዝቅዞ፣ ግፊቱ ዜሮ መሆኑ በጌጁ ብቻ ሳይሆን ማስተንፈሻውን ከፍቶ ከተረጋገጠ በኋላ ክዳኑ ይፈታ። መቀመጫው ላይ ሁለት ነገር ፈልጉ፤ የተጣበቀ የዝቃጭ ስባሪ፣ ወይም ውሃ የቦረቦረው ቀጭን መስመር። ስባሪ ከሆነ ጠርጎ መመለስ ነው። መስመር ከሆነ ይፈጫል፦ ደቃቅ የቫልቭ መፍጫ ቅባት በስሱ ቀቡ፣ ሩብ ዙር ወዲያና ወዲህ፣ ከዚያ አንስታችሁ ቦታ ቀይራችሁ እንደገና። ሳይቋረጥ ዙሪያውን የሚሄድ ግራጫ ቀለበት፣ ከ1.5 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው፣ ሲታይ በቃ። አስፍታችሁ ብትፈጩት መልሶ ያሳልፋል፤ ሰፊ መቀመጫ ላይ ጫናው ይከፋፈላል። ቅባቱን በነጭ ጋዝ አጥባችሁ አንድም ቅንጣት አታስቀሩ። ቫልቩ በክብደቱ ብቻ ወርዶ መቀመጥ አለበት። የክዳኑን ጋስኬት አዲስ አድርጉ። ግፊት ካለ በኋላ ዳዶ ማጥበቅ የለም፤ ቢያንጠባጥብም ግፊቱ ወርዶ ነው የሚነካው።

የተጣበቀ ቼክ ቫልቭን በመዶሻ ቀጥቅጡት የሚል ምክር ብትሰሙ አትቀበሉ። የነሐሱን አካል ይሰነጥቀዋል።

እርሳስና ወረቀት መለሰ፦

አራተኛውን ላስላው። አጠቃላይ ክብደት 64 ቶን፣ ከፍታው 9,000 ሜትር በ2.8 በመቶ 252 ሜትር። ማንሳቱ ብቻ 158 ሜጋ ጁል ይፈልጋል። ለመንከባለሉ በቶን 70 ኒውተን ልያዝ፤ ጠባብ ሐዲድ ኩርባ ስለሚበዛበት ከዚህም ሊበልጥ ይችላል። ዳገቱ ላይ 40፣ ሜዳው ላይ በሄደበትና በተመለሰበት 27፣ 27። የመልሱ 1 ኪሎ ሜትር ዳገት 22 ይጨምራል። ድምሩ 275 ሜጋ ጁል ገደማ።

እንዲህ ዓይነት ሎኮሞቲቭ ከከሰሉ ሙቀት 4 በመቶውን ወደ መጎተቻ ከለወጠ ጥሩ ነው። የከሰሉን ሙቀት በኪሎ 28 ሜጋ ጁል አድርገን ብንይዝ 245 ኪሎ ይሆናል። ለቆይታ፣ ለብሎወር፣ ለፍሬኑና ለፊሽካ 40 በመቶ ብጨምር 345 ኪሎ። አንድ ኪሎ ከሰል በተግባር 6.5 ሊትር ያህል ውሃ ስለሚያተን 2,240 ሊትር። ከ3,500 ሊትር 1,260 ይተርፋል፣ ማለትም ከሲሶ በላይ። በስሌቱ ይበቃል።

በተግባር ግን ያ ትርፍ የሚተፋውን ኢንጀክተር አይችልም። በደቂቃ 40 ሊትር ቢያፈስ፣ አሥር ደቂቃ ስትታገሉት 400 ሊትር መሬት ላይ ነው። ስለዚህ መጨረሻው ጣቢያ ላይ ታንኩ ከግማሽ በታች ከደረሰ ሳትሞሉ አትመለሱ። እዚያ ያለውን የውሃ መስመር ፍጥነት አስቀድማችሁ ለኩ። በደቂቃ 300 ሊትር የሚሰጥ የእሳት አደጋ ቱቦ 2,000 ሊትር በሰባት ደቂቃ ያወርዳል። በደቂቃ 20 ሊትር የሚሰጥ ተራ ቧንቧ አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ይፈጃል፤ ያን ጊዜ የሽርሽሩ ፕሮግራም ፈረሰ ማለት ነው። ቱቦው ጫፍ ላይ ወንፊት ይኑር፣ ታንኩ አፍ ላይም ሌላ።

ነጭ እንፋሎት ጨመረ፦

ስለ ውሃው ጥራት አንድ ነገር። መስታወቱ ውስጥ ውሃው ያለ ዕረፍት የሚዋልል ከሆነ፣ ወይም ከጭስ ማውጫው ነጭ ጠብታ የሚረጭ ከሆነ፣ ቦይለሩ ውስጥ የሟሟው ጨው በዝቶ አረፋ እየሠራ ነው። እንፋሎቱ ወጥቶ ሲሄድ ጨው ይቀራል፤ በየቀኑ እየተከማቸ ይሄዳል። ለእንዲህ ዓይነት ቦይለር የሚያዘው የተለመደ ጣሪያ በሊትር 3,500 ሚሊ ግራም ነው፤ አረፋ የሚያጠፋ መድኃኒት የሚጠቀሙ ከዚያ በላይ ይሄዳሉ። በትንሽ የኤሌክትሪክ መለኪያ በየቀኑ ማታ ናሙና ቀዝቅዞ ይለካ፤ ሲቃረብ ከሥር በማፍሰሻው መልቀቅ ነው፣ መስታወቱን እያዩ፣ አጠር አጠር አድርጎ። ፒ ኤች ከ10.5 እስከ 12 ይሁን። ከዚያ በታች ብረቱን ይበላዋል።

ለእጥበት ሲደረስ ቦይለሩ በራሱ ይቀዝቅዝ፣ ቢያንስ አንድ ቀን ሙሉ። ሞቅ ብሎ ሳለ ካፈሰሳችሁት ጭቃው ላሜራው ላይ ጋግሮ ይቀራል፣ ከዚያ በኋላ የውሃ ጉልበት አያነሳውም። መድፈኛዎቹ ሁሉ ይፈቱ። የምድጃው ጣሪያ በላይ በኩል በመስተዋትና በመብራት ይታይ፣ በደጋፊ ብሎኖቹ መካከል ድንጋይ ቋጥሮ እንደሆነ። የውሃ መለኪያዎቹ መተላለፊያዎች በዚያው ዕለት በዘንግ ይጠረጉ፣ ብርሃን ወዲያ ማዶ እስኪታይ።

የመስመር ጥበቃ መለሰ፦

ከማሽኑ ወጣ ብዬ ስለ መንገዱና ስለ ሰዎቹ።

ደረቅ ሣር ባለበት ወቅት በጭስ ሳጥኑ ውስጥ ያለው የፍንጣሪ መከላከያ መረብ በየጠዋቱ ይታይ፤ አንድ ቀዳዳ ይበቃል። የአመድ ሳጥኑ ሥር ውሃ ይርከፍከፍበት። ዳገቱ ላይ እሳት አይነካካ፣ የሚወጣው ፍም የሚበዛው ያኔ ነው። ከባቡሩ ኋላ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ልዩነት ሁለት ሰዎች የውሃ ፓምፕ በጀርባቸው ይዘው መስመሩን ይከተሉ። ባቡሩ ሲያልፍ የማይታይ ፍም የሚጨሰው ቆይቶ ነው።

ለፎቶ ተሳፋሪ ወርዶ ባቡሩ ኋላ ተመልሶ እንደገና ሲያልፍ፣ ሁሉም በአንድ ወገን ይቁም፣ ሐዲዱን ተሻግሮ የሚቆም አንድም ሰው አይኑር። ገመድ ከሐዲዱ ቢያንስ 5 ሜትር ርቆ ይዘርጋ፤ ሲነሳ የሲሊንደር ማፍሰሻዎቹ የፈላ ውሃና እንፋሎት ወደ ጎን ይተፋሉ፣ የሚከፈቱትም ግዴታ ስለሆነ ነው፤ ለፎቶ ብሎ መዝጋት ሲሊንደር ያስከፍላል። ሲወርዱ የተቆጠረው ሰው ሲሳፈር ተቆጥሮ ካልገጠመ ነጂው ምልክት አይሰጠው። ቦታው ከአናቱ በኋላ ባለው ቁልቁለት ላይ አይሁን፤ ከላይ ነጭ እንፋሎት ያስረዳው ውሃ ያነሰበት ስፍራ ያ ነውና ባቡሩ እዚያ የሚቆምበት ምክንያት የለም። ከ6ኛው ኪሎ ሜትር በፊት ሜዳው ላይ አድርጉት፤ ለዳገቱ እሳት የሚሠራበት ጊዜም ይገኝበታል።

በየቆመበት አንድ ሰው በየአክስሉ ሄዶ የኩሽኔታውን (አክስሉ የሚሽከረከርበትን) ቤት በእጁ ጀርባ ይዳስስ። እጅ ከያዘ ደህና ነው። እጅ ካልያዘ፣ የተቃጠለ ዘይት ከሸተተ፣ ፍጥነት ቀንሶ በዘይት ማረስረስ እንጂ ውሃ አይደፋበትም። ውስጡ ያለው ነጭ ብረት በ240 ዲግሪ አካባቢ መለስለስ ስለሚጀምር ወደዚያ የሚደርሰው ሳይታሰብ ነው። የሲሊንደር ዘይትና የኩሽኔታ ዘይት ደግሞ አይለዋወጡ፤ የመጀመሪያው ወፍራም ሆኖ በእርጥብ ብረት ላይ እንዲጣበቅ ስብ የተቀላቀለበት ነው፣ በኩሽኔታው ክር በኩል አይሰርግም።

ማታ ሲመለስ ቦይለሩ እስከ ላይኛው ዳዶ ጫፍ ተሞልቶ ይደር። ሌሊቱን ሲቀዘቅዝ ውሃው ይሰበሰባል፤ ጎደሎ ያሳደረ ሰው ጠዋት እሳት ከመለኮሱ በፊት በእጅ ፓምፕ ወይም በቱቦ ሊሞላ ግድ ነው፣ ኢንጀክተር ያለ እንፋሎት አይሠራምና።